ያገለገለ የእንጨት ፒያኖ ወይስ አዲስ ዲጂታል? ፒያኖ ከፍታችሁ ያያችሁ ምከሩኝ

የአራት ኪሎዋ እናት፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። 9 ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። ፒያኖ መማር ከጀመረች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። እስካሁን የምትለማመደው ባለ 61 ቁልፍ ትንሽ ኪቦርድ ላይ ነው። አስተማሪዋ አሁን በቃ ብሏል። ቁልፉ በጣም ቀላል ስለሆነ ጣቷ አይጠነክርም፣ ትክክለኛ ፒያኖ ያስፈልጋታል አለኝ።

እኔና ባለቤቴ ስንፈልግ ከርመን ሁለት ነገር አግኝተናል። አንደኛው ከፒያሳ ወደ ጊዮርጊስ ሲኬድ አንድ የድሮ ቪላ ውስጥ ያለ የጀርመን ፒያኖ ነው፣ ቁመቱ ደረቴ ድረስ ይመጣል። ባለቤቶቹ ወደ ውጭ ሊሄዱ ስለሆነ የቤት ዕቃ እየሸጡ ነው። ደላላው «አንቲካ ነው፣ ትንሽ ቅኝት ብቻ ነው የሚፈልገው» ይላል። ሁለተኛው አዲስ ዲጂታል ነው፤ 88 ቁልፍ አለው፣ ቁልፉም እንደ እውነተኛው ከበድ ይላል። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም።

የምንኖረው አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ነው፣ 3ኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። አስተማሪዋ «እንጨቱን» ይላል። ወንድሜ «ዲጂታሉን» ይላል። ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው፣ ሁለቱም ግን ፒያኖ ከፍተው አይተው አያውቁም። እጁን ያስገባ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ኪቦርዲስት ከካዛንቺስ፦

እህቴ ዲጂታሉን ውሰጂ። እኔ ባንድ ውስጥ ስጫወት 12 ዓመቴ ነው፣ አንድም ቀን ቅኝቱ ወርዶብኝ አያውቅም። ልጅሽ ማታ በኢርፎን ትለማመዳለች፣ ጎረቤት አይማረርም። ቤት ብትቀይሩ ሁለት ሰው ይዞት ይወርዳል። አበቃ።

ፒያኖ ቃኚ፦

እህቴ፣ የእኔ ሥራ ፒያኖ መቃኘትና መጠገን ነው። 20 ዓመት አልፎኛል። ዲጂታልም ይመጣልኛል፣ እከፍታለሁ። ስለዚህ ከውጭ የሚታየውን ትቼ ከውስጥ ያለውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ያ «ትንሽ ቅኝት ብቻ» የሚለው ነገር። ይህን አምነው ገዝተው በኋላ እኔን የጠሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሄጄ ከፍቼ ሳየው ምን እንደምላቸው ይጨንቀኛል። ቁልፉ 88 ቢሆንም ክሩ ወደ 230 ይደርሳል። ወፍራሙ ቤዝ ላይ ለአንድ ቁልፍ አንድ ክር ነው፣ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ እስከ ቀጭኑ ጫፍ ሦስት ሦስት ይሆናል። የሁሉም ውጥረት ሲደመር አብዛኛው ፒያኖ ላይ ወደ 18 ቶን ይጠጋል። 180 ኩንታል ጤፍ እንደማለት ነው። ክብደቱን የሚችለው የብረት ፍሬሙ ነው። ክሩ እንዳይላላ የሚይዘው ግን ክሩ የተጠመጠመበት ችንካርና ያ ችንካር የተመታበት ጠንካራ ጣውላ ነው። ጣውላው ደርቆ ከተሰነጠቀ እኔ ጠዋት ቃኝቼ እሄዳለሁ፣ ማታ ክሩ ላልቷል። ያን ጊዜ ቅኝት መፍትሔ አይሆንም። ችንካሩ ወጥቶ በወፍራም ችንካር ይተካል ወይም ጣውላው ራሱ ይቀየራል፤ ጣውላ መቀየር ማለት ደግሞ ክሩን በሙሉ ማውረድ ነው።

ለብዙ ዓመት ያልተነካ ፒያኖ ድምፁ ግማሽ ድምፅ ያህል፣ ማለትም ከአንድ ቁልፍ እስከ አጠገቡ ቁልፍ ያለውን ያህል፣ ወርዶ ሊገኝ ይችላል። እሱን በአንድ ቀን ወደ ቦታው መመለስ አይቻልም። አንዱን ስታጠብቂ ሌላው ይለቃል፣ ምክንያቱም ሁሉም የሚጫኑት አንድ የድምፅ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ከክሩ ኋላ ያለው ድምፁን የሚያጎላው ሰፊ እንጨት ማለት ነው። መጀመሪያ በግርድፉ አወጣዋለሁ፣ ከዚያ አሳርፈዋለሁ፣ ከሳምንታት በኋላ ተመልሼ እቃኘዋለሁ። የዛገ ክር ካለ በመሃል ይበጠሳል። ቀጭኑን ክር መተካት አያስቸግርም። የቤዙ ክር ግን መዳብ የተጠመጠመበት ስለሆነ ለዚያው ፒያኖ በልኩ መሠራት አለበት፣ ያ ማለት ከውጭ ማዘዝና መጠበቅ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ክረምት። የድምፅ ሰሌዳው ስስ እንጨት ነው። ሰኔ ሲገባ እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ወደ ክሩ ይገፋል፣ ስለዚህ ድምፁ ከፍ ይላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይደርቅና ድምፁ ይወርዳል። ሁሉም እኩል ቢወጣና ቢወርድ ጥሩ ነበር፣ ግን የመሃሉ ከዳሩ የበለጠ ስለሚንቀሳቀስ እርስ በርስ ይጣላሉ። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቤት አለ፣ በየዓመቱ ነሐሴ ላይ «ቁልፉ ተጫነ አልነሳ አለ» ብለው ይደውሉልኛል። ፒያኖው የቆመው መስኮት ሥር ነው። ቁልፉ የሚንሸራተትበት ትንሽ የሱፍ ቁራጭ እርጥበት ጠጥቶ ያብጥና ቁልፉን አንቆ ይይዛል። ከመስኮቱ አርቁት ብዬ ለምኜ ለምኜ በሦስተኛው ዓመት ወደ ውስጠኛው ግድግዳ አዛወሩት፣ ከዚያ ወዲህ ነሐሴ ላይ አልደወሉም። አንድ ሌላ ቤት ደግሞ ቁልፉ ያዘ ብለው የጠሩት ሰው ዘይት አፍስሶበት ሄደ። ከላይ ስላፈሰሰው ዘይቱ ችንካሩን ነክቶ ሱፉን አጨማልቆ ወረደ። ችንካር ዘይት ከነካው ክር አይዝም። ያ ፒያኖ ደህና ነበረ፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እባካችሁ ፒያኖ ውስጥ ዘይት አታስገቡ።

ወደ ዲጂታሉ ስንመጣ፣ ክር የለውም፣ እንደ እንጨቱ ቁልፉ ሲጫን ሱፍ የለበሰ መዶሻ ተነስቶ ክር አይመታም። ቁልፉ ሥር ክብደት ተደርጎበታል፣ ከሥሩ የጎማ ንክኪ አለ። ቁልፉ ሲወርድ መጀመሪያ አንዱን ንክኪ ይነካል፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ማሽኑ በሁለቱ መሃል ያለፈውን ጊዜ ይለካል። ጊዜው ካጠረ «በኃይል ተመታ» ይላል፣ ከረዘመ «በቀስታ» ይላል፣ ከዚያ ከጥሩ ፒያኖ ተቀድቶ የተቀመጠለትን ድምፅ ያወጣል። ቁልፉን በስንት ኃይል እንደመታሽው አያውቅም፣ ፍጥነቱን ነው የሚያውቀው። ስለዚህ አቧራ ገብቶ ንክኪው ሲበላሽ አንድ ቁልፍ ብቻውን ይጮኻል ወይም ጭራሽ ድምፅ አያወጣም። ሰሞኑን መንገዱም ቤቱም እየፈረሰ እየተሠራ ስለሆነ በዚህ ችግር የሚመጣልኝ ዲጂታል በዝቷል። ጽዳቱ ግን ቀላል ነው። ስትጨርስ በጨርቅ ሸፍኑት፣ ግማሹን ችግር ያስቀራል።

ከባዱ ነገር ቦርዱ ሲቃጠል ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ብዙ ዲጂታል ገድሏል። ሞዴሉ ከቆየ ደግሞ ቦርድ አይገኝም። ያማሃ ክላቪኖቫ የሚባለውን ማውጣት የጀመረው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዚያ ዘመን ዲጂታል ዛሬ ቢመጣልኝ ዕቃ የማገኝለት ከሌላ የሞተ ማሽን ላይ ነው። ከ90 ዓመት በላይ የሆነው የእንጨት ፒያኖ ግን እጄ ላይ ድኖ ወጥቷል፣ እየተጫወቱበት ነው። የተሠራው ከእንጨት፣ ከሱፍና ከብረት ስለሆነ እጅ ይጠግነዋል።

ለራሴ ቢሆን ምንጊዜም እንጨቱን ነው የምመርጠው። ለአንቺ ግን ዲጂታሉን እላለሁ። 3ኛ ፎቅ ነው፣ እንዲህ ያለው ቁመተ ረጅም የድሮ ፒያኖ ከ200 ኪሎ በላይ ነው፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ መታጠፊያው ጠባብ ነው። ከሁሉም በላይ ልጅሽ ገና 9 ዓመቷ ነው። ጆሮዋ የሚሠራው በየቀኑ በምትሰማው ድምፅ ነው። ያልተቃኘ ፒያኖ ላይ ሦስት ዓመት የተለማመደ ልጅ የተጣመመውን ድምፅ ትክክል አድርጎ ይይዘዋል። እንዲህ ያሉ ልጆች አጋጥመውኛል፣ መልሶ ማቃናት ከባድ ነው።

የፒያኖ ተማሪ፦

ጋሼ በአክብሮት ነው፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እኔ 4 ዓመት ዲጂታል ላይ ብቻ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ የእንጨት ፒያኖ ፊት የተቀመጥኩ ቀን ቀስ ብዬ ስጫወት ድምፅ አልወጣ አለኝ፣ በኃይል ስመታ ደግሞ ክፍሉ ተናወጠ። ዲጂታሉ ላይ ቮልዩሙን ዝቅ አድርጌ ስለምጫወት ለካ ጣቴ በቀስታ መንካት አልተማረም። ፔዳሉንም ከላይ እስከ ታች መርገጥ ብቻ ነበር የማውቀው። ለማስተካከል ዓመት ፈጅቶብኛል። ልጅቷ ነገ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልግባ ብትል ይህ ነገር ይጎዳታል።

ፒያኖ ቃኚ፦

ያልከው እውነት ነው ልጄ፣ አልክድም። የእንጨት ፒያኖ ላይ ፔዳሉን ስትረግጥ ማፈኛዎቹ፣ ክሩን ነክተው ድምፁን የሚያቆሙት ሱፎች፣ በሙሉ ከክሩ ላይ ይነሳሉ። አንድ ቁልፍ ብቻ ብትመታ እንኳ ሌሎቹ ክሮች አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ፔዳሉን በግማሽ ስትለቅ ማፈኛው ክሩን ዳሰስ ብቻ ያደርገዋል፣ እዚያ ውስጥ ስንት ዓይነት ድምፅ አለ። ዲጂታሉ ያንን አስልቶ ነው የሚያመጣው፤ ርካሹ ደግሞ ጭራሽ አያመጣውም፣ ፔዳሉ እንደ መብራት ማብሪያ በርቶ ወይም ጠፍቶ ነው።

አንድ ነገር ግን አንተም እይልኝ። ቁመተ ረጅሙ ፒያኖ ላይ ያንኑ ቁልፍ ደግመህ ለመምታት ቁልፉ ከግማሽ በላይ ወደ ላይ መመለስ አለበት። በአግድም የተዘረጋው ትልቁ ግራንድ ፒያኖ ላይ ግን ቁልፉ ትንሽ ከፍ እንዳለ መዶሻው ዳግም ይመታል። ይህን ዘዴ ኤራርድ የሚባለው የፒያኖ ሠሪ ቤት በ1821 እ.ኤ.አ. አስመዝግቦታል፣ እስከ ዛሬም ግራንድ ፒያኖ በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። ጥሩ ዲጂታል የሚኮርጀው የግራንዱን ቁልፍ ነው። ስለዚህ ልጅቷ ፈጣን ነገር ስትለማመድ ያ ቁመተ ረጅም የጀርመን ፒያኖ ሊያሰንፋት ይችላል።

አንተ ላይ የደረሰው ልጅቷ ላይ እንዳይደርስ ሁለት ነገር ይበቃል። ቮልዩሙ በአንድ ልክ ይቀመጥ፣ ማታ ካልሆነ በቀር በድምፅ ማጉያው ትጫወት። ደግሞ በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን የእንጨት ፒያኖ ላይ ትቀመጥ፣ አስተማሪዋ ጋር ካለ እዚያ።

መዘምር፦

በዚሁ ልጠይቅ ጋሼ። የእኛን ቅኝት፣ ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አምባሰሉን፣ አንቺሆዬውን የቱ ነው በደንብ የሚያወጣው? ዲጂታሉ ላይ አንዳንዴ ድርቅ ይልብኛል።

ፒያኖ ቃኚ፦

ሁለቱም ፒያኖዎች ኦክታቩን፣ ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን፣ 12 እኩል ቦታ ከፍለው ነው የሚቃኙት፤ መሃል ላ (በእንግሊዝኛ A) የሚባለው ድምፅ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል። ማሲንቆ በሁለት ቁልፎች መሃል ያለውን ድምፅ እያንሸራተተ ይይዛል፣ ፒያኖ ያንን አይችልም። አንዳንድ ዲጂታል እያንዳንዱን ድምፅ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ እንድታደርግ ይፈቅድልሃል፣ እንጨቱ ላይ ያንን ላድርግ ካልክ እኔ ሙሉ ቀን መዋል አለብኝ። ግን መነኩሲቷን ፒያኖ ተጫዋች እማሆይ ፅጌ ማርያም ገብሩን ስማ። ተራ ፒያኖ ነው፣ እኩል የተከፈለ። ትዝታው ግን አለ። ያ ከጣት የሚመጣ ነው።

የሜክሲኮው፦

እኔም አንድ ነገር ልጨምርና ልጠይቅ። እህቴ ከአሜሪካ ዲጂታል ፒያኖ ልትልክልኝ ነው። አዳፕተሩን እዚህ ዝም ብዬ ልሰካው?

ፒያኖ ቃኚ፦

እንዳትሰካው! መጀመሪያ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አንብብ። 100 እስከ 240 ካለ ችግር የለም፣ የሶኬቱን ጥርስ ብቻ ነው የምትቀይረው። 120 ብቻ ካለ ግን የእኛ 220 ቮልት ስለሆነ በሰከንድ ውስጥ ይቃጠላል፣ ዕድለኛ ካልሆንክ ቦርዱንም ይዞ ይሄዳል። ፒያኖው ሳይሆን አዳፕተሩ ነው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ፣ ስለዚህ ሌላ ግዛ። ስትገዛ የሚያወጣው ቮልት ከድሮው ጋር አንድ ይሁን፣ አምፔሩ ከድሮው አይነስ፣ ፕላስና ማይነሱም እንዳይገላበጥ። ማሽኑ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለውና ገመዱ ቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ ያለውን አንብብ። ከዚያ በኋላም ስታብላይዘር ይኑርህ፣ መብራት ሲጠፋ ንቀለው፣ ከተመለሰ ትንሽ ቆይተህ ሰካው።

የአራት ኪሎዋ እናት፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እንዲህ የሚያስረዳ ሰው አገኛለሁ አላልኩም ነበር። ባለቤቴ ግን ልቡ እንጨቱ ላይ ነው። ቅዳሜ ሄደን በደንብ ልናየው ነው። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያዩ ነበር?

ፒያኖ ቃኚ፦

ጥሩ አሰባችሁ፣ ሳያዩ መወሰን ደግ አይደለም። ስልካችሁ ላይ የጊታር መቃኛ አፕ ጫኑ። መሃል ያለውን ላ ምቱና አፑ ምን እንደሚል እዩ። 440 አካባቢ ካለ ሰው ሲንከባከበው ነበር ማለት ነው። 415 አካባቢ ካለ ሙሉ ግማሽ ድምፅ ወርዷል። ከዚያ ከግራ እስከ ቀኝ 88ቱንም አንድ በአንድ ምቱ፣ አትቸኩሉ፣ ደላላው ቢያጣድፋችሁም። የወረደ ድምፅ ብዙ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ የአንዱ ቁልፍ ሦስት ክሮች እርስ በርስ ተጣልተው ዋይ ዋይ ሲሉ፣ ጎረቤቱ ግን ደህና ሲሆን ነው። ያ እዚያ ቦታ ችንካሩ እየለቀቀ መሆኑን ይጠቁማል።

የላይኛውን ክዳን ክፈቱና በስልክ መብራት እዩ። ክሩና ችንካሩ ዝጓል? የመዶሻው ሱፍ ላይ ክሩ ምን ያህል ጠልቆ ምልክት ሠርቷል? ትንሽ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፣ የደረቀውን ሱፍም በመርፌ ወግቼ አለሰልሰዋለሁ። ጠልቆ ሱፉን ከጨረሰው ግን መዶሻው ይቀየራል። ማፈኛዎቹ ከመዶሻው በላይ ተደርድረው ፊት ለፊቱ እንደ ወፍ ጎጆ ሽቦ ካለበት ብዙ ሳታስቡ ተመለሱ፤ የዚያ ዓይነት ሥሪት ድምፅ በደንብ አያፍንም፣ ለመጠገንም መከራ ነው። ከእግር በኩል ያለውን ጣውላ አንሱና አይጥ መኖሩን እዩ። አይጥ የቁልፉን ሱፍ ነቅላ ጎጆ ትሠራለች። በመጨረሻ ከግድግዳው ሳብ አድርጋችሁ ጀርባውን እዩ፣ የድምፅ ሰሌዳው መሰንጠቁ ብቻውን ሞት አይደለም፣ ሲመታ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ካለ ግን ጥሩ አይደለም።

የአራት ኪሎዋ እናት፦

አየነው። ያሉንን ሁሉ አደረግን፣ ባለቤቴ መብራት ይዞ እኔ እየመታሁ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ላ 418 አለ። ከመሃል ወደ ቀጭኑ 11 ቁልፎች ዋይ ዋይ ይላሉ፣ ሌላው አብሮ ወርዷል እንጂ እርስ በርስ አይጣላም። ሁለት የቤዝ ክር የለም፣ ተበጥሶ ወጥቷል። ከታች ስንከፍት የአይጥ ጎጆ አገኘን፣ ጎጆው ውስጥ ቀይ ሱፍ አለ። ደላላው «እሱ ምን ችግር አለው» አለ።

ልጄ ግን ስትሰማው ቤዙን ደጋግማ መታች። ወለሉ በእግሬ ይሰማኛል አለች። ያን ስትል ሆዴ ተላወሰ፣ እውነቱን ልንገራችሁ።

ለማንኛውም ዲጂታሉን ገዝተናል። ትናንት ባለቤቴና ወንድሜ ሁለት ሆነው 3ኛ ፎቅ አወጡት። ቮልዩሙ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ምልክት አድርጌያለሁ፣ ከዚያ እንዳታልፍ እንዳትወርድም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አስተማሪዋ ጋር ያለው የእንጨት ፒያኖ ላይ ግማሽ ሰዓት እንድትቀመጥ ተስማምተናል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ ጋሼ፣ አብሮት የመጣው ፔዳል ያ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ያሉት ዓይነት ነው መሰለኝ። ግማሽ የሚረገጠውን ለብቻው መግዛት ይቻላል?

ፒያኖ ቃኚ፦

ይቻላል፣ ግን ማሽኑ ራሱ መቀበል አለበት፣ ሁሉም አይቀበልም። የመመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ግማሽ ፔዳል ይጽፋል፣ የሚሄድለትን ፔዳልም እዚያው ያስቀምጣል። የሌላ ፋብሪካ ፔዳል አንዳንዴ ተገላብጦ ይሠራል፣ ሳትረግጪው ድምፁ ይጎተታል፣ ስትረግጪው ይቆማል። የሞዴሉን ስም ጻፊልኝና አብረን እናየዋለን።